የቆየው ዴል ላይ ዊንዶውስ 11 ይጫናል፤ የድሮውን ዲስክ ግን አትንኪው

ጥያቄው፦ «ሰላም ወንድሜ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሬ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። ኮር አይ 5፣ ራም 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስክ 500 ጊጋ። ያለው ዊንዶውስ 10 ነው፤ ድጋፉ አብቅቷል እያለ ይነዘንዘኛል። ወደ 11 ላሳድገው ስል ደግሞ ኮምፒውተርሽ አይመጥንም ይለኛል። አንድ የሰፈር ልጅ ‹ችግር የለውም፣ በአንድ ሰዓት ፎርማት አድርጌ 11 እጭንልሻለሁ› አለኝ። ላስጭነው? ፓወር ግዕዜና ፕሪንተሬ ይሠሩልኛል? ፕሪንተሬ ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ነው። ወይስ ተበድሬ አዲስ ልግዛ?»

እህቴ፣ አጭሩን ላስቀድም። ይጫናል። ለአዲስ ኮምፒውተር ብለሽ ብድር ውስጥ አትግቢ። ግን ልጁ ባለሽ መንገድ አይሁን። እሱ ፎርማት አደርገዋለሁ ያለሽ አሁን እንጀራ የምትበዪበትን ሃርድ ዲስክ ነው። እኔ የምልሽ ያ ዲስክ ጨርሶ አይነካ ነው። ይነቀልና መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ገዝተሽ ዊንዶውስ 11 እሱ ላይ ይጫን። ነገሩ ካልተመቸሽ የድሮውን ዲስክ መልሰሽ ትሰኪያለሽ። አንድ የዳታ ገመድ፣ አንድ የፓወር ገመድ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሱቅሽ በማግስቱ እንደ ድሮው ይከፈታል።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ነው የምሠራው፣ ጎረቤትሽ ነኝ ማለት ይቻላል። ካንቺ ሰፈር ኮምፒውተር ተሸክመው ከሚመጡልኝ ደንበኞች ብዙዎቹ ማሽኑ ተበላሽቶባቸው አይደለም የሚመጡት። ሰው «አስተካክሎላቸው» ነው።

ኮምፒውተርሽ አይመጥንም የተባለው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ዊንዶውስ 11 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2021 ሲወጣ ማይክሮሶፍት መስፈርቱን በአንድ ጊዜ አጠበቀው። ራም 4 ጊጋ፣ ዲስክ 64 ጊጋ የሚለውን ያንቺም ያሟላል። የጣለሽ ሌላ ነው። አንደኛው ፕሮሰሰሩ ነው። ኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ ወዲህ መሆን አለበት ተባለ። 7010 በፈረንጆቹ የ2012 ማሽን ነው፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ የማገኘው ኮር አይ 5 3470 ነው። ጀነሬሽኑን የሚነግርሽ ያ መጀመሪያ ላይ ያለው 3 ነው። 6500 ቢል 6ኛ፣ 8500 ቢል 8ኛ ነበር። ሁለተኛው ቲፒኤም ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ቺፕ ናት፤ የምስጢር ቁልፎችን እንደ ካዝና ትይዛለች። ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው 2.0 የሚባለውን ነው። ያንቺ 1.2 ነው።

ማይክሮሶፍት ምክንያቴ ደኅንነት ነው ይላል። ውሸት አይደለም። አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች የዊንዶውስ 11ን መከላከያዎች ሳይከብዳቸው ያሠራሉ፤ የቆዩት ያንኑ ሲሸከሙ ይዘገያሉ። አዲስ ኮምፒውተር መሸጡንም የሚጠላ ያለ አይመስለኝም፤ እሱ የእኔ ሐሜት ነው። ለማንኛውም ማመልከቻ ለሚተይብ፣ መታወቂያ ስካን ለሚያደርግና ለሚያትም ቤት 4 ኮር ያለው ፕሮሰሰር አያንስም። መስፈርቱን ማለፍ ማለት ደግሞ መጫኛው የሚያደርገውን ምርመራ እንዲዘል ማድረግ ነው። ዕቃውን የሚጎዳ ነገር የለበትም። ማይክሮሶፍት ግን በዚህ መንገድ ለሚጭን ሰው «አፕዴት እሰጥሃለሁ ብዬ ቃል አልገባልህም» ብሎ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ምንም ብልሃት የማያልፈው ግድግዳ ግን አለ። በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ከወጣው 24 ኤች 2 ከሚባለው ዕትም ጀምሮ ዊንዶውስ 11 ኤስኤስኢ 4.2 የሚባል የፕሮሰሰር ትእዛዝ ይፈልጋል። እሱ ከሌለ ኮምፒውተሩ ጨርሶ አይነሣም። ኮር ቱ ዱዎ የሚባለው የቆየ ፕሮሰሰር ያላችሁ፣ በዚህ ጉዳይ አትድከሙ፤ የለውም። ያንቺ 3ኛ ጀነሬሽን ግን አለው።

አሁን ልጁ ነገ መጥቶ ባለሽ መሠረት ጫነልሽ እንበል። ዊንዶውስ 11 በ4 ጊጋ ራምና በዚያ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው የሚሆነው። ከፈለግሽ ዛሬውኑ፣ በዊንዶውስ 10 ላይ እያለሽ ፈትኚው። ጠዋት ኮምፒውተሩን እንደከፈትሽ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ደንበኛ ፍላሹን ይዞ ቆሞ ዎርድ አልከፈት ሲልሽ፣ ዲስክ የሚለው ዓምድ ቀልቶ 100 በመቶ ላይ ይሆናል። ጎኑ ላይ ፕሮሰሰሩን እዪው። አሥር በመቶ እንኳ ላይደርስ ይችላል። ፕሮሰሰርሽ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ እንደ ሸክላ ማጫወቻ እየተመላለሰች የምታነብ መርፌ አለች። በየቦታው የተበታተነ ነገር ስትለቅም በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል ብትንቀሳቀስ ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ ያንኑ ሥራ በአሥር ሺዎች ይቆጥረዋል። «ኮምፒውተሬ አርጅቷል» ብለው ከሚመጡልኝ የጽሕፈት ቤቶች አብዛኞቹ ያረጀባቸው ዲስኩ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዊንዶውስ 11 ባትጭኚ እንኳ ኤስኤስዲ ግዢ። ገንዘብ ካለሽ መጀመሪያ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

በዚህ ወር አይሆንልኝም ካልሽም ጊዜ አለሽ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025። ማይክሮሶፍት ግን ለግለሰብ ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት የደኅንነት አፕዴት ማራዘሚያ አውጥቷል። እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ በእኛ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ ይሄዳል። ዊንዶውስሽ 22 ኤች 2 የሚባለው የመጨረሻው ዕትም መሆን አለበት። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ላይ የመመዝገቢያው ማስፈንጠሪያ ይታያል። 30 ዶላር ከፍሎ መመዝገብም አለ፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተሽ ሴቲንግሽን ባካፕ እንዲያደርግ ከፈቀድሽለት ግን ያለ ክፍያ ይመዘግብሻል። ለእኛ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ የቫይረስ ዝርዝሩን በዊንዶውስ 10 ላይ እስከ ኦክቶበር 2028 ማደሱን ይቀጥላል።

«ታዲያ ለምን አልተወውም?» ትዪ ይሆናል። የቤት ኮምፒውተር ቢሆን እሺ፣ ቆይ እልሽ ነበር። ያንቺ ግን የሰው ሁሉ ፍላሽ የሚሰካበት ነው። ሰው ከሌላ ኢንተርኔት ቤት፣ ከቢሮ፣ ከትምህርት ቤት ያመጣውን ፍላሽ ይሰካል፤ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይከፈታሉ። ይህን አይተሽው እንደሆነ አልጠራጠርም። እንደ ሆስፒታል በር ነው፤ የሚመጣው ሁሉ የታመመ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ያለ አፕዴት ለዓመታት መቀመጥ የለበትም። በዚያ ላይ የደንበኞችሽ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ስካን ሁሉ እሱ ላይ አለ።

ግዢው ብዙ አይደለም። 240 ወይም 256 ጊጋ፣ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ይበቃሻል። ሻጩ ያቺን እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነችውን ኤም 2 ቢያሳይሽ ተያት፤ 7010 መሰኪያ የለውም። ራም ተጨማሪ 4 ጊጋ፤ ዲዲአር 3፣ የዴስክቶፕ። ዲዲአር 4 አይገባም፣ የላፕቶፑም አይገባም። ቃል ከምትሸመድጂ አንዷን ራም ነቅለሽ ይዘሻት ሂጂና «እንደዚህ ያለ» በዪ። ለዊንዶውስ መጫኛው ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ። ፍላሽ ላይ ተጠንቀቂ። 64 ጊጋ ተጽፎበት ውስጡ 8 የሆነ ፍላሽ ገበያው ላይ አለ፤ ሲሰኩት 64 ይላል፣ ከሞላ በኋላ የምትጽፊው ሁሉ ይጠፋል። መጫኛው ግማሽ ላይ «ፋይል ጎድሏል» የሚልሽ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

አራተኛዋ ዕቃ ከሁሉም ርካሿ ናት፤ ሰው ግን ይረሳታል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ የሰዓት ባትሪ፣ ሲአር 2032። ማሽንሽ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ባትሪዋ ካልተቀየረች ሞታለች ማለት ነው። ምልክቱን ታውቂዋለሽ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል። ኤፍ 1 ተጫኚ ይልሻል። ከዚያ ብሮውዘሩ እያንዳንዱን ገጽ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይከለክልሻል፤ ችግሩ ኔትወርክ አይደለም፣ ቀኑ ነው። ለዊንዶውስ ጭነት ደግሞ ሌላ ጣጣ አላት። ባትሪዋ ስትሞት ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም፣ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል። አንዳንድ ዴሎች ላይ ያኔ የዲስኩ አሠራር ኤኤችሲአይ ከሚባለው ወደ ሬይድ ይለወጣል። ትናንት ሲሠራ የነበረ ዊንዶውስ ዛሬ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል። ሰው «ኤስኤስዲው ተቃጠለ» ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ባትሪዋ ቀድማ ትቀየር፣ ከዚያ ባዮስ ይስተካከል፣ ከዚያ ይጫን።

ስለ ፋይሎችሽ ደግሞ ዲስኩ ሳይነካ ስለሚቀመጥ አትጨነቂ ማለት እችል ነበር። ግን የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ ኮምፒውተሩን ፎርማት እንዳደርግለት አመጣ። «ፋይሌ ሁሉ ዲ ላይ ነው» አለኝ። አመንኩት። ሲን አጠፋሁት። ማታ ደወለ። ዴስክቶፕ ላይ የነበሩት የታሉ? ዴስክቶፕ ሲ ውስጥ ነው። ማይ ዶክመንትም ሲ ውስጥ ነው። ሰውየው ስድስት ዓመት ሙሉ ውሉን፣ ደረሰኙን፣ ሁሉን ዴስክቶፕ ላይ ሲከምር ኖሯል፤ ዲ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። በፋይል ማውጫ ሶፍትዌር ብዙውን መለስኩለት፣ ስማቸው ግን ጠፍቷል። ሁሉም በቁጥር ብቻ ተሰይሟል። ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ በአንድ እየከፈትን ሦስት ቀን ፈጀብን። ገንዘብ አልተቀበልኩትም። ከዚያ ወዲህ ሰው «ዲ ላይ ነው» ሲለኝ እጄን ኪሴ አስገባለሁ። ዲስክ ካልተለወጠ አልነካም።

ያንቺም ዴስክቶፕ «ማመልከቻ አዲስ»፣ «ማመልከቻ አዲስ 2»፣ «ማመልከቻ የመጨረሻ» በሚሉ ፋይሎች ሳይሞላ አይቀርም። ዲስኩን ከመንቀልሽ በፊት በእርጋታ ተቀምጠሽ የምትፈልጊውን አንድ ቦታ ሰብስቢው።

በተለይ ፓወር ግዕዝ። መጫኛው በእጅሽ አለ? ሲዲው፣ ወይም የገዛሽበት ፋይልና ቁልፉ? ብዙ ሰው ጋ የለም። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ጊዜ ተጭኖ ከዚያ ወዲህ ማንም አላሰበውም። ከሌለሽ ዛሬ መፈለግ ጀምሪ፤ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ አይደለም። ቀጥሎ ፎንቶቹ። በድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ በውስጡ የግዕዝ ፊደል የለውም። ፊደሎቻችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ዝርዝር ውስጥ፣ የገቡት በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው ነው የሚሠሩት። ፎንቱ ከሌለ «ለተከበረው ፍርድ ቤት» የሚለው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ሆኖ ይከፈታል። ሰው ፋይሉ የተበላሸ መስሎት ያጠፋዋል። ፋይሉ ደኅና ነው፣ የጎደለው ፎንት ነው። ስለዚህ ሲ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ከሚለው ሥር ያለውን የፎንቶች ፎልደር ገልብጠሽ ያዢ። ኒያላ የሚባለው ፎንትም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይገጥምሻል። ድሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር። አሁን አማራጭ ሆኗል፤ ሴቲንግ ውስጥ አማራጭ ፊቸሮች ከሚለው የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶችን ፈልገሽ ማውረድ አለብሽ። እስከዚያ ጽሑፍሽ በሌላ ፎንት ይታይና ገጹ ይንሸራተታል፤ አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ አንድ ተኩል ይሆናል።

አሁን ወደ ጭነቱ። የዊንዶውስ 11ን አይኤስኦ የሚባለውን የመጫኛ ፋይል ከማይክሮሶፍት የራሱ ገጽ አውርጂ። ከ5 ጊጋ በላይ ነው፤ የሌሊት ጥቅል ካለሽ ያኔ አውርጂው። ቴሌግራም ላይ «ዊንዶውስ 11 ላይት፣ ለደካማ ኮምፒውተር» እያሉ የሚለጥፉትን አትንኪ። ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። አንዳንዱ አፕዴቱንና ዲፌንደሩን ነቅሎ ነው «ቀላል» ያደረገው፤ አፕዴት ፍለጋ ወጥተሽ አፕዴት የሌለው ይዘሽ ትገቢያለሽ።

ከዚያ መጫኛ ፍላሹን የምታዘጋጅልሽ ሩፉስ የምትባል ነፃ ፕሮግራም አለች። ትንሽ ናት፣ መጫን አያስፈልጋትም። ፍላሹን ሰክተሽ፣ አይኤስኦውን መርጠሽ ጀምር ስትያት አንድ መስኮት ታወጣለች። የቲፒኤም፣ የሴኪዩር ቡትና የራም መስፈርቱን ላንሣው ወይ ትልሻለች። ቁልፉ ይሄ ነው፣ ምልክት አድርጊበት። በኦንላይን አካውንት የመግባት ግዴታውን ላንሣው ትልሻለች፤ እሱንም አዎ በዪ። ፍላሹ የውሸት እንደሆነ የምትመረምርበት ምርጫም እዚያው ሩፉስ ውስጥ አለ። ይቆያል፣ ግን ያዋጣል። ፍላሹ ላይ ያለው ነገር ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሺ።

ቀጥሎ ኬዙን ክፈቺ። መጀመሪያ ገመዱን ከሶኬት ንቀዪ፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ኮዬ ውስጥ ሱቅ በር ላይ የሚሠራ ኮምፒውተር ውስጥ ስላለው አቧራ ላንቺ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። በለስላሳ ብሩሽ አራግፊው። ፋኑን በጣትሽ ይዘሽ እንዳይሽከረከር አድርጊ። ራሙን ነቅለሽ የወርቅማውን እግር በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለሽ ጥረጊው፤ ጥቁር ነገር ላጲሱ ላይ ይቀራል። ብናኙን አራግፈሽ ሁለቱንም ራም ቀጭ እስኪል ሰኪ። ባትሪዋን ቀይሪ። የድሮውን ዲስክ ነቅለሽ ኤስኤስዲውን በዚያው ገመድ ሰኪ። ቦታው ለሱ ሰፊ ነው። ማቀፊያ ከሌለሽ በሁለት ወገን ፕላስተር ብታጣብቂውም ግድ የለም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው አይጎዳም።

ስታበሪው ኤፍ 2 ደጋግመሽ ተጫኚ። ባዮስ ይከፈታል። ቀኑን አስተካክዪ። የዲስኩ አሠራር ኤኤችሲአይ፣ የቡት ዓይነቱ ዩኢኤፍአይ ይሁን። አስቀምጠሽ ውጪ። ከዚያ ኤፍ 12 ተጫኚና ፍላሹን ምረጪ። የኔትወርክ ገመዱን ንቀዪው፤ ኢንተርኔት ከሌለ አካውንት ብሎ አያስቸግርሽም። የት ልጫን ሲልሽ አንድ ባዶ ዲስክ ብቻ ታያለሽ፣ እሱን። የድሮው ዲስክ ስላልተሰካ ተሳስተሽ የምታጠፊው ነገር የለም። ሁለቱን ዲስክ ሰክተው ሲጭኑ የተሳሳተውን የሚያጠፉ ባለሙያዎችም ብዙ ናቸው። እኔንም ጨምሮ ልልሽ ነበር፣ እስካሁን አላጋጠመኝም።

መብራት ግማሽ ላይ ቢሄድስ? ይሄዳል። ዴስክቶፕ ስለሆነ ባትሪ የለውም፤ ዩፒኤስ ካለሽ ጥሩ። ከሌለሽም በዚህ መንገድ ምንም አይደርስብሽም። ኤስኤስዲው ባዶ ነበር፤ መብራት ሲመጣ እንደገና ትጀምሪያለሽ። የድሮው ዲስክ ላይ እያሳደግሽው ቢሆን ኖሮ ግን መብራት ሲሄድ ልብሽም አብሮት ይሄድ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ባዮሱን አፕዴት አድርጊ የሚልሽ ካለ እንቢ በዪ። ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፤ እሱ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል።

ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አገናኚው። ዊንዶውስ 10 በሕጋዊ ፈቃድ አክቲቬት ሆኖ ከነበረ 11ም በራሱ አክቲቬት ይሆናል፤ ፈቃዱ የተያያዘው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ ዲስክ መቀየርሽ አያጠፋውም። በአክቲቬተር የተከፈተ ከነበረ ግን እዚያ ላይ አልረዳሽም። «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፊ» ብሎ የሚጀምር ፕሮግራም ምን ሊሠራ እንደመጣ አንቺው ገምቺ።

ፕሪንተርሽ፣ ያ የ12 ኤ ቶነር የምትገዢለት 1020፣ ጠንካራ ማሽን ነው። አንድ ጠባይ አለው። የራሱን ፕሮግራም በሆዱ አይዝም፤ በበራ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይልክለታል። ድራይቨሩ ካልተስተካከለ መብራቱ እየበራ ዝም ብሎ ያይሻል። ለዊንዶውስ 10 የተሠራው ባለ 64 ቢት ድራይቨር እኔ ጋ 11 ላይ ሠርቷል። ድራይቨሩን ቀድመሽ አውርጂና ጫኚ፣ ገመዱን በኋላ ሰኪ። አሁን ያለሽ ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ የድሮውን ድራይቨር መገልበጥ አይጠቅምሽም፤ ዊንዶውስ 11 ባለ 32 ቢት የሚባል ዕትም የለውም።

የአፕዴቱን ነገር እመለሳለሁ ብዬሻለሁ። በየወሩ የሚመጡት የደኅንነት አፕዴቶች እስካሁን እንዲህ በተጫኑ ማሽኖች ላይ በአብዛኛው ይገባሉ። በዓመት አንዴ የሚወጣው ትልቁ ዕትም ግን በራሱ አይመጣልሽም። አዲሱን አይኤስኦ አውርደሽ፣ በሩፉስ አዲስ ፍላሽ አዘጋጅተሽ፣ ከውስጥ መጫኛውን ከፍተሽ ማሳደግ ነው፤ ፋይሎችሽ ይቀመጣሉ። ሆም እና ፕሮ ለሚባሉት አንዱ ዕትም 24 ወር ይደገፋል፤ ስለዚህ በሁለት ዓመት አንዴ ብታደርጊው ይበቃል። ማይክሮሶፍት አንድ ቀን በሩን ጥርቅም ቢያደርገው ግን «ቃል አልገባሁም ነበር» ይላል፤ እውነቱን ነው። ይህን ዐውቀሽ ግቢበት። ያኔ ኤስኤስዲውን ነቅለሽ ለሚቀጥለው ማሽን ትጠቀሚበታለሽ፤ ገንዘቡ አልባከነም።

በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነፃው ሊኑክስስ የሚል አይጠፋም። እኔም እወደዋለሁ። ለተማሪ ልጅ፣ ኢንተርኔትና ቪዲዮ ለሚያይ ቤት፣ ሊኑክስ ሚንት ከዊንዶውስ 11 ይሻላል እላለሁ። 22 የሚባለው ዕትሙ በፈረንጆቹ እስከ 2029 ይደገፋል፤ ፍላሽ ላይ ሆኖ ዲስክ ሳይነካ መሞከርም ይቻላል። ላንቺ ግን አልመክርም። ፓወር ግዕዝ ለሊኑክስ የተሠራ አይደለም፣ ደንበኛ በዎርድ ያመጣው ሠንጠረዥ እዚያ በዎርድ ፋንታ ባለው በሊብሬ ኦፊስ ሲከፈት አንዳንዴ ይዛባል፣ 1020ውም ለብቻው ፕለጊን ይፈልጋል። ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ይህን መማር አያስኬድም።

ቀኑን እሑድ አድርጊው፤ የትምህርት ቤት ምዝገባና የፈተና ሰሞን አይሁን። ልጁም ከፈለገ ይምጣና ይሥራልሽ፣ ዊንዲቨር መያዝ ካልወደድሽ። ብቻ ሥራ ሳይጀምር የድሮውን ዲስክ ነቅሎ እጅሽ ላይ ያስቀምጥ። በጨርቅ ጠቅልለሽ ቀኑን ጻፊበትና ከማይረግጡትና ከማይረጥብበት ቦታ አኑሪው። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ጊዜ ካላስፈለገሽ የዩኤስቢ ማቀፊያ ገዝተሽለት የባካፕ ዲስክ አድርጊው።